ባሏ ባሕር ላይ ያለች ሴት

አቲጃ የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ የገባችው ገና ሳትጀምር ደክሟት ነው። እግሯ ደክሟል፣ ምላሷ ደክሟል፣ ከሁሉም በላይ ፈገግታዋ ደክሟል። ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ደሴት፣ ያንኑ ምሽግ፣ ያንኑ ቀይ ቤተ መንግሥት እንደ አዲስ ነገር ማሳየት ቀላል አይደለም። እንግዳው ሲገረም አፉን ይከፍታል፤ እሷ ደግሞ እንዳታዛጋ አፏን ትገጥማለች።

ፊቷ እንደ ወትሮው ነጭ ነበር። ሙሲሮ የሚባለውን እንጨት ድንጋይ ላይ በውሃ እየፈተገች ከግንባሯ እስከ አገጯ ተቀብታዋለች። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሴኞር ታይቦ ይህን ፊቷን ይወድላታል። "ሙሲሮሽን አደራ፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነው" ይላታል። ባይላትም አትረሳውም ነበር። ዛሬ ዛሬ የደሴቲቱ ሴት ሁሉ ለውበት ትቀባዋለች፤ አቲጃ ግን ለምን እንደምትቀባው የሚያውቁት እሷና አክስቷ ብቻ ናቸው።

"ዛሬ ሁለት ናቸው" አላት ሴኞር ታይቦ። "ባልና ሚስት፣ ከዋና ከተማው ከማፑቶ። ሴትየዋ ተጫዋች ናት። ሰውየው ግን ከመጣ ጀምሮ ፊቱን እንደቋጠረ ነው፤ ምናልባት አንቺ ትፈቺው ይሆናል።"

"እኔ የራሴንም አልፈታሁ" ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

ሴትየዋ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ጫማዋን እያሰረች ነው። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ባሕሩን ያያል። አቲጃ ማጅራቱን አየችና ባለችበት ቆመች። ሰው በማጅራቱ ይታወቃል እንዴ? ይታወቃል። የዛሬ አሥር ዓመት ኢሱፎ ድልድዩን ተሻግሮ ሲሄድ፣ መኪናው ላይ ቆሞ እየራቀ እየራቀ ሲሄድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችለት ይህንኑ ማጅራት ነበር።

ዞረ። ዓይኑ ነጩ ፊቷ ላይ አረፈ፣ እዚያው ደነገጠ፣ ወዲያው ደግሞ ተሰበረ። ወለሉን ማየት ጀመረ።

"እንኳን ደህና መጡ" አለች አቲጃ። ድምፅዋ ከየት እንደመጣላት እሷም አላወቀችም።

"እኔ ሉርዴስ እባላለሁ!" አለች ሴትየዋ እጇን እየዘረጋች። "እሱ ባለቤቴ ነው፣ ኢሱፎ። ጉድ ልንገርሽ፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው! ግን ምኑንም አያስታውሰውም። አስጎብኚ ካልያዝን ብዬ ነዝንዤ ነው ያስወጣሁት።"

"ምንም አያስታውሱም?" አለች አቲጃ፣ እሱን እያየች።

"ምንም" አለ ኢሱፎ። ቀና አላለም።

አቲጃ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረች። አፈረብኝ አለች በልቧ። የታችኛውን ሰፈር ልጅ አውቃለሁ ማለት፣ እንዲህ ያለች ሚስት ይዞ፣ አሳፈረው። ቀኑ ገና መጀመሩ ነው፤ እሷ ግን ጀንበሯ እስክትጠልቅ እንዴት እንደምትዘልቀው አታውቅም።

ምሽጉ ግቢ ውስጥ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አቲጃ የለመደችውን ታወራለች፤ መድፎቹን፣ ግንቡን፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጸሎት ቤት። ዝናብ ከጣሪያው እየተንቆረቆረ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ ግን ወሬዋን ገታች። ድርቅ ባለበት ዓመት ከታችኛው ሰፈር ሴቶች እየመጡ ውሃ የሚቀዱት ከዚህ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ደግሞ ውሃ የማይቸግረው አንድ ወጣት፣ ምን ቸግሮት እንደሆነ እንጃ፣ በየቀኑ ለአቲጃ ባልዲ ሊጎትትላት ይመጣ ነበር።

"እዚህ ውሃ ይቀዳል" አለች አጠር አድርጋ። "ገመዱ ይኸው፣ ባልዲው ይኸው።"

"ድሮ ባልዲው ቆርቆሮ ነበር" አለ ኢሱፎ። "ጆሮው የተሰበረ። እጅ ይቆርጣል።"

ሉርዴስ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችው። "አታስታውስም አልነበር?"

"እንዲሁ መጣልኝ።"

አቲጃ የቀኝ እጇን ወገቧ ላይ ያገለደመችው ካፑላና እጥፋት ውስጥ ደበቀች። ያ ቆርቆሮ የቆረጣት ጠባሳ እስካሁን መዳፏ ላይ አለ። ያን ጊዜ ሸሚዙን ቀዶ ያሰረላት እሱ ነው። እንደ ረሳት ብታውቅ ይቀላት ነበር፤ አስታውሶ ዝም ማለቱ ግን ከፀሐይዋ የባሰ አቃጠላት።

የደሴቲቱ ነገር እንዲህ ነው። ላይ የድንጋይ ቤቶች ያሉበት ሰፈር አለ፤ ታች ጣሪያቸው የዘንባባ ቅጠል የሆነ ቤቶች ያሉበት የማኩቲ ሰፈር አለ። ላይኛው የተሠራው ከታችኛው ሥር ተቆፍሮ በወጣ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ማኩቲ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከመንገዱ በደረጃ ነው የሚወረደው። ባለ ሱቋ ዶና ሃፊዛ፣ የኢሱፎ እናት፣ "ጉድጓድ" ስትል ግን ስለ ድንጋይ አልነበረም የምታወራው።

ሱቁ አሁን ተዘግቷል። በአጠገቡ ሲያልፉ ኢሱፎ ቆመ። "ይሄ የእናቴ ሱቅ ነበር" አለ።

"አየሽ፣ ማስታወስ ጀመረልኝ!" ሉርዴስ አጨበጨበች።

አቲጃ የተዘጋውን በር አየች። በዚያን ጊዜ በዚህ አካባቢ ስልክ የነበረው እዚህ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነበር። ኢሱፎ ሲሄድ "እደውልልሻለሁ" አላት፤ እሷም በየሳምንቱ ጨው ልትገዛ መስላ ትመጣ ነበር። ጨው በቤታቸው እስኪተርፍ ድረስ። አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሏት ጠየቀች። "ለማን? ላንቺ?" አለቻት ዶና ሃፊዛ ስኳር እየመዘነች። "የኔ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ የሚደውልለት ሰው የለውም።" ደውሎ ይሁን ሳይደውል ቀርቶ፣ አቲጃ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ምሳ አንድ ሾላ ዛፍ ሥር በሉ። ኢሱፎ አሳውን ሳይነካ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ዳር ሄደ። አቲጃ እንደ ልማዷ ቆማ ነበር።

"እህቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ" አለቻት ሉርዴስ፣ ምንጣፉን መታ መታ እያደረገች። "እግርሽ እኮ ያሳዝናል። እኔ እንኳን በግማሽ ቀን ሞቻለሁ።"

ስንት እንግዳ አስጎብኝታለች፤ ቁጭ በይ ያላት አልነበረም። ተቀመጠች። ሉርዴስ ከራሷ ሳህን ማታፓውን፣ በኮኮናት የተሠራውን የካሳቫ ቅጠል ወጥ፣ ከፍላ ሰጠቻት፤ በባርኔጣዋም ታናፍሳት ጀመር። አቲጃ ይህችን ሴት ልትጠላት ከጠዋት ጀምራ እየታገለች ነበር፤ አሁን እሱም አቃታት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ሉርዴስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከተጋባን ጀምሮ ስለዚህ ደሴት አንድ ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። እናቱ ሲሞቱ እንኳን ቀብራቸውን ናምፑላ ከተማ አደረገው። 'እዚያ የቀረ ሰው የለኝም' ይለኛል። ሰው የሌለበትን ቦታ ሰው እንዲህ ይፈራል?"

"ሙቀቱ ይሆናል" አለች አቲጃ።

ሉርዴስ ሳቀች። ሳቋ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም፤ አቲጃም ይህን አይታ የገዛ መልሷ አሳፈራት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማኩቲ ወረዱ። የጉብኝቱ መጨረሻ አክስቷ ደጅ ላይ ነው። እንግዳ ሴት ከፈለገች ትቀባለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ከዚያ የቱፎ ጨፋሪዎችን አይታ ትሄዳለች። አክስቷ ሙአናቻ ዓይኖቿ ደመና ለብሰዋል፤ ሰው ስታይ ጥላ ነው የምታየው። አፏ ላይ ግን ምንም ደመና የለም።

"ስንት አመጣሽልኝ ዛሬ?" አለች የእግራቸውን ድምፅ ሰምታ።

"ሁለት፣ አክስቴ።"

"ያወራሉ ወይስ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሱት?"

"እኔ አወራለሁ እማማ!" አለች ሉርዴስ እየሳቀች። "ዝም የሚለው እሱ ነው።"

"ዝም የሚል ወንድ ወይ ተርቧል ወይ አጥፍቷል። ቁጭ በይ የኔ ልጅ።"

ኢሱፎ በሩ ጋ እንደቆመ ቀረ። ሉርዴስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ባርኔጣዋን አወለቀችና ፊቷን ወደ አቲጃ አቀናች። ዓይኗን ጨፈነች። "ቅቢኝ፤ አንቺን ልምሰል።"

አቲጃ ነጩን ቅባት በጣቶቿ አነሳች። የሉርዴስ ግንባር ለስላሳና ሙቅ ነበር። ቀስ እያለች፣ እንደ ራሷ ፊት እየተጠነቀቀች፣ ከግንባሯ ወደ ቀኝ ጉንጯ ወረደች።

"ምን ትርጉም አለው ግን?" ጠየቀች ሉርዴስ ዓይኗን እንደጨፈነች።

አቲጃ ለእንግዳ የምትለው አላት፤ ለቆዳ ጥሩ ነው፣ ያምራል። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን አክስቷ ቀደመቻት።

"የዛሬ ልጆች ለማማር ነው። በኔ ጊዜ ግን ሙሲሮ የምትቀባው ባሏ ባሕር ላይ ያለ ሴት ናት። ነጩን ፊት ያየ ወንድ ባለቤት አላት ብሎ ዓይኑን ይሰብራል። ባሏ ሲመለስ በራሷ እጅ ትታጠበዋለች። ባሕር ወስዶት ከቀረ ደግሞ ታላቅ ሴት ታጥባታለች። እኔን አክስቴ ናት ያጠበችኝ።"

"ታዲያ እኔ ባሌ አጠገቤ ቆሞ ምን ያስቀባኛል?" ሉርዴስ አንድ ዓይኗን ገለጠች። "የአቲጃ ባልስ? ባሕር ላይ ነው?"

"ባል!" አክስቷ ከት ብላ ሳቀች። "ይቺ ምን ባል አላት?"

"አክስቴ፣ ተይ።"

"ምኑን ነው የምተወው? እንግዶች አይደሉ? ነገ ይሄዳሉ። ስሚኝ ልጄ፤ አንድ የላይኛው ሰፈር ልጅ ነበር። የባለ ሱቋ የዶና ሃፊዛ ልጅ። ሳያገባት፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ቃሉን ብቻ ሰጥቶ ሄደ። በሄደ ሰሞን ይቺ ሞኝ ብድግ ብላ ተቀባች! 'የማን ሚስት ሆነሽ ነው?' ብላት 'ይመጣል' አለችኝ። ይኸው አሠሪዋ፣ ያ ታይቦ፣ ለፎቶ የምትቀባ ይመስለዋል። እኔም ዝም አልኩ። ምን ልበል?"

የሉርዴስ ሁለቱም ዓይኖች ተገልጠዋል። ግማሽ ፊቷ ነጭ ነው፤ ግማሹ ግን ቀስ እያለ ሌላ መልክ ያዘ። የአቲጃ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። በሩ ጋ ማንም አልነበረም።

ደረጃው ሥር አገኘችው። ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

"መጥቼ ነበር" አለ።

"የት?"

"እዚህ። ይሄ ደረጃ ላይ። በሦስተኛው ዓመት፣ ለእናቴም ሳልነግር። ሥራ ይዤ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ደጃፍሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ሙሲሮ ትፈትጊ ነበር። ፊትሽ ነጭ ነበር።"

አቲጃ ነጭ ጣቶቿን አየች። ያወቀችው ነገር ውስጧ እስኪገባ ጊዜ ወሰደባት።

"ለማማር ነው ብለህ አታልፍም ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ ታውቂያለሽ። ነጭ ፊት ያላትን ሴት ቀና ብዬ ካየሁ ጆሮዬን ታዞረው ነበር። አገባች አልኩ። ባሏ ባሕር ላይ ነው አልኩ። ባል የሌለበት ደጅ ላይ ምን ብዬ ልቁም? ተመልሼ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋትም ሳይሽ፣ እስካሁን ያንን ሰውዬ ትጠብቃለች ብዬ ቀናሁ። እንዲህ አድርገሽ የምትጠብቂው ሰው ማን ይሆን ብዬ ቀናሁ።"

"አንተ ነበርክ" አለች አቲጃ።

ኢሱፎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የአቲጃ እጅ ወደ እሱ ሊሄድ ከጀለ፤ በሌላኛው እጇ ያዘችው። ትወደው ነበር። አሁንም ትወደዋለች፤ ከሁሉም የሚያደክማት ይሄ ነው።

"ይሄን ደረጃ ወርደህ" አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ፣ "ሳላማ፣ እንዴት ነሽ ብትለኝ ምን ነበረበት? ጠላት እንኳን ሰላም ይላል!"

"ለሉርዴስ እነግራታለሁ። ዛሬውኑ። ከዚያ እኔና አንቺ..."

"ከዚያ ምን?"

"አቲጃ፣ እኔ አልረሳሁሽም።"

"ደክሞኛል ኢሱፎ። ያን ጊዜ ብትጠራኝ በባዶ እግሬ ድልድዩን እሮጥልህ ነበር። አሁን ልሩጥ ብልም እግሬ እሺ አይለኝም። ደግሞ ቁጭ በይ ያለችኝን ሴት አስነስቼ ነው የምቀመጠው?"

ከኋላቸው የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሉርዴስ ግማሽ ፊቷን ነጭ አድርጋ፣ ባርኔጣዋን ሳታደርግ፣ የውሃ ጣሳ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም።

"አቲጃ፣ ግማሽ ፊቴን ትተሽው ሄድሽ እኮ" አለች።



"አክስትሽ የነገሩኝ ገብቶኛል። አሁን አንቺ ንገሪኝ። የቀረውን ትቀቢኛለሽ ወይስ ታጥቢኛለሽ? ባሌ ባሕር ላይ ነው ወይስ እዚህ ነው?"

"ሉርዴስ፣ እኔ..." አለ ኢሱፎ።

"አንተን አልጠየቅኩም።"

አቲጃ አየቻት። አንድ ቃል ብቻ ነው። ቅባቱ እስካሁን ጣቶቿ ላይ እርጥብ ነው፤ የሉርዴስን ግራ ጉንጭ ብትነካው ባልሽ የለም ማለት ነው፤ ያበቃል፣ እሱ እዚህ ይቀራል፤ ከዚህ ደረጃ አይወጣም። አሥር ዓመት የለመነችው ነገር እግሯ ሥር ተቀምጦላታል። እጇን አነሳች። ሉርዴስ ዓይኗን ሳትጨፍን ጠበቀች።

አቲጃ የካፑላናዋን ጫፍ ጣሳው ውስጥ ነከረች። ከግንባሯ ጀምራ ቀስ ብላ ነጩን አበሰችላት፤ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ጨርቁን ጨምቃ ደግማ አበሰችላት፣ ምንም እስከማይቀር።

"እዚህ ነው እህቴ" አለች። "ባልሽ እዚህ ነው።"

ሉርዴስ እጇን ያዘች። መዳፏ ላይ ያለው ጠባሳ ጣቷ ሥር ገባ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። "አንቺስ?" አለች።

"እኔ ሥራ ላይ ነኝ" አለች አቲጃ። የደከመው ፈገግታዋ ለመጨረሻ ጊዜ ታዘዘላት። "የቱፎ ጭፈራው ቀርቷችኋል። ታያላችሁ ወይስ ይቅር?"

"ይቅር" አለች ሉርዴስ፣ እንባዋም ያኔ መጣ።

ደረጃውን ወጡ። ሉርዴስ ቀድማ፣ ኢሱፎ ከኋላዋ። አጠገብ ለአጠገብ አልነበሩም፤ ለእነሱም ገና ብዙ መንገድ እንደቀራቸው አቲጃ አየች። እሱ አናቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ የሚዞር መሰለ። አልዞረም። አቲጃ ማጅራቱን አየችው፣ ከዚያ ራሷ ዞረች።

አክስቷ ደጇ ላይ እንዳለች ነበረች። አቲጃ ንጹሕ ውሃ በሳህን ቀድታ አመጣችና እግሯ ሥር ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ እጠቢኝ።"

የአሮጊቷ እጅ ደነገጠ። "ማን ሞተ?"

"ማንም። መጥቶ ነበር።"

"ከመጣማ ራስሽ ነሽ የምትታጠቢው! እኔን ምን..." የጀመረችውን የራሷ ሐሳብ አቋረጠባት። ደመናማ ዓይኖቿ በሩን ፈለጉ። "ያ ዝም ያለው ሰውዬ..."

"አዎ።"

"ውይ አፌን! በዚህ አፌ..."

"ጥሩ አደረግሽ አክስቴ። እሱም እኔም ዝም ብለን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ያጠፋነው።"

አሮጊቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። እጇን ሳህኑ ውስጥ አጥልቃ የአቲጃን ግንባር ዳበሰች። ማየት ስለማትችል ጣቶቿ ናቸው የሚያዩት፤ ነጩን እየፈለጉ ከቅንድቧ፣ ከአፍንጫዋ ጎን፣ ከጆሮዋ ሥር ያነሱታል። ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። ውሃው ነጣ። አንዳንዱ ጠብታ ሙቅ ነበር፤ ከሳህኑ ግን አልነበረም።

ከባሕሩ የመጣው ነፋስ ጉንጯን ነካት። አቲጃ ደነገጠች፤ ነፋስ ፊት ላይ እንዴት እንደሚሰማ ረስታው ነበር።

"ነገ ታይቦ ሲያይሽ ምን ትይዋለሽ?" አለች አክስቷ።

"ጥቁሩን ፊቴን ፎቶ ያንሱ።"

"እንግዶች አሉሽ ነገ?"

አቲጃ መልስ አልሰጠችም። ራሷን አክስቷ ጭን ላይ አድርጋ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አክስቷም ልጅቷ እንዳትነቃ ብላ እጇን ከእርጥቡ ፊቷ ላይ አላነሳችም።